ላቦራቶሪው ቢቆለፍም ምርምር ይጀመራል

ከአንባቢ የመጣ ደብዳቤ፦

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ወሎ ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። ውጤቴ 3.1 ነው። ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን የማየው የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሁሉ የምርምር ልምድ ይጠይቃል። እኛ ጋ ላቡ (ላቦራቶሪው) አብዛኛውን ጊዜ እንደተቆለፈ ነው። አንድ መምህር ቢሮ ሄጄ ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ ብላቸው ‹ገና ነሽ፣ ጂሲ ስትሆኚ ትደርሺበታለሽ› አሉኝ። ጂሲ የሆኑት ተመራቂዎች ደግሞ ሲኒየር ፕሮጀክታቸውን፣ የመመረቂያ ጥናታቸውን ማለቴ ነው፣ ከቴሌግራም ይገዛሉ። ዶርም ውስጥ ይህን ሳወራ ይስቁብኛል። ክረምት ግቢ ቀርቼ የሆነ ነገር ልሥራ ወይስ ቤት ልሂድ የሚለውም ጨንቆኛል። አባቴ በአረም ጊዜ እጄን ይፈልጋል። ከየት ልጀምር? ትዕግሥት ያጣሁ ነኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይስቁብኛል ያልሺው ከሁሉም በላይ ከነከነኝ። በሦስተኛ ዓመቷ የመምህር ቢሮ አንኳኩታ «መሥራት እፈልጋለሁ» ያለች ልጅ የሚሳቅባት አይደለችም። መጀመሪያ እሱን ከልብሽ አውጪው።

ወደ ነገሩ ልግባ። መምህሩ «ገና ነሽ» ያሉሽ ክፉ ሆነው አይመስለኝም። እኔም ጥቂት ዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ተማሪ መጥቶ «ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ» ሲለው መምህሩ የሚሰማው ሌላ ነው። ርዕስ ፈልግልኝ፣ ብር ፈልግልኝ፣ ላብ አስከፍትልኝ፣ ጽሑፌን አርምልኝ የተባለ ይመስለዋል። የሚያስተምረው ኮርስ ብዙ ነው። ያልታረመ ወረቀት ተቆልሎበታል። የራሱ ጥናት ከቆመ ወራት ሆኖታል። ስለዚህ በአፉ የመጣለትን ቀላል መልስ ይሰጥሻል። የጠየቅሽው ትልቅ ስለሆነ ነው እንቢ የተባልሽው። አሁን አነስ አድርገሽ ጠይቂ።

ዙሪያሽን እዪ። አሁን፣ በዚህች ሳምንት፣ ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ ጥናት ላይ ያለ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚጠራው ዶክተር አይደሉም። ማስተርሱን ወይም ፒኤችዲውን የሚሠራ ወጣት መምህር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ሁለት መቶ መጠይቅ አለው። መስክ ሲወጣ የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው የለውም። እሱ ጋ ሂጂና እንዲህ በይው፦ «ሐሙስ ከሰዓት ክላስ የለኝም። ለአራት ሳምንት በየሐሙሱ መጥቼ ላግዝህ። ዳታ ማስገባትም ቢሆን፣ ዕቃ ማጠብም ቢሆን። እኔ የምፈልገው ሥራው ለምን እንደሚሠራ እንድታስረዳኝ ነው።» ይህን ሰምቶ «ገና ነሽ» የሚል ሰው ብዙም አላየሁም። ቀኑ ታውቋል፣ መጨረሻው ታውቋል፣ የሚያስወጣው ነገር የለም።

ዶክተሮቹ ጋ መሄድ ካለብሽ ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ካሳተሙት አንዱን ፈልገሽ አንብቢ። ሁሉም ላይገባሽ ይችላል፤ ግድ የለም። አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዘሽ ውጪ። «ዶክተር፣ ስለ ወንዙ ውኃ የጻፉትን አነበብኩ። ናሙናው በበጋ ብቻ የተወሰደው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አምስት ደቂቃ ካለዎት ያስረዱኛል?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመምህር እንዴት እንደሚጣፍጥ አልነግርሽም። ጽሑፋቸውን ያነበበላቸው ተማሪ ምናልባት አንቺ የመጀመሪያዋ ትሆኛለሽ።

የላቡን ነገርም አልዘነጋሁትም። የላቡ ቁልፍ የሚገኘው ቴክኒሺያኑ ጋ ነው። ብዙ ተማሪ እሳቸውን ሰላም እንኳ ሳይላቸው ዲኑ ጋ ለአቤቱታ ይሮጣል። ለፍሬሽማን ፕራክቲካል ዕቃ የሚያዘጋጁበትን ቀን ጠይቂያቸውና ላግዝዎ በያቸው። ፒፔት አያያዝ፣ ሚዛን ማስተካከል፣ አውቶክሌቭ መዝጋት፣ ኬሚካል መበጥበጥ፣ ይህን ሁሉ ከእሳቸው የተሻለ የሚያሳይሽ የለም። እኔ ማይክሮስኮፕ በትክክል ማየት የተማርኩት ከአንድ ቴክኒሺያን ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የራሴን አጀማመር ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ ነፍሳትን ያጠና ነበር። ከፋብሪካው በላይ ያለው ውኃና ከፋብሪካው በታች ያለው ውኃ ውስጥ የሚገኙት ነፍሳት ይለያዩ እንደሆነ ነበር ጥያቄው። እኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው። ነፍሳቱ አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ ቦታውንና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እዚያው ውስጥ እከታለሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ሳጥኑን ስንከፍት አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቶቹ ነጭ ናቸው። አሥራ አራት ብልቃጥ። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

ልጁ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ኪሱ ገብቶ እርሳስ አወጣና ሰጠኝ። የእርሳስ ጽሑፍን አልኮል አያጠፋውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዝናብ ተመልሰን ሄድን፤ አሥራ አራቱንም እንደገና ወሰድን። ዲግሪዬን ስሠራ ከተማርኩት ብዙው ጠፍቶብኛል። ያቺ እርሳስ ግን አልጠፋችብኝም። ናሙና ማለት ስሙ ያለበት ነገር ነው፤ ስሙ ከጠፋ ቆሻሻ ነው። ይህን በክላስ መቶ ጊዜ ቢነግሩኝ እንደዚያ አይገባኝም ነበር።

የምርምር ልምድ የሚሉትም ይኸው ነው። ማመልከቻ የሚያነቡ ሰዎች ትልቅ መሣሪያ ነክተሽ እንደሆነ አይደለም ዋናው የሚፈልጉት። ጥያቄው ምን ነበር? አንቺ በእጅሽ የሠራሽው ምንድን ነው? ምን ተበላሸ? ሲበላሽ ምን አደረግሽ? እነዚህን በአራት ዓረፍተ ነገር መመለስ የሚችል ተማሪ «በተለያዩ ምርምሮች ተሳትፌያለሁ» ብሎ ከሚያልፈው ይበልጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዢ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሠራሽው፣ ያየሽው፣ ግራ የገባሽ። በኋላ ሪኮመንዴሽን የሚጽፉልሽ መምህርም ያንን ደብተር ካዩ የሚጽፉት ነገር አያጡም።

«ገና ነሽ» ለሚለው ነገር ሌላም መልስ አለኝ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን የታሪክ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ለቢኤ ዲግሪያቸው የጥናት ጽሑፍ ያቀርቡ ነበር። ብዙዎቹ ወደየትውልድ አገራቸው ወርደው ሽማግሌ እየጠየቁ ነው የጻፉት። ጽሑፎቹ ዛሬም ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ስለ አገራችን ታሪክ የሚጽፉ ምሁራን፣ የውጭዎቹም ጭምር፣ እስከ ዛሬ ይጠቅሷቸዋል። አስቢው፣ ጸሐፊዎቹ ያኔ ባንቺ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ናቸው። ትልቁ ሀብታቸው የአካባቢያቸውን ቋንቋ ማወቃቸውና ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው መለየታቸው ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። ልጆቹ ያኔ «ገና ነን» ብለው ቢተዉት ኖሮ ወሬው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበር ነበር።

ባንቺው ዘርፍም ልጨምርልሽ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ውኃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ አገሩ በሙሉ ያውቃል። ወንዙ ዳር የሞተ ቀንድ አውጣም ከእሳቸው በፊት ያየ ሰው አይጠፋም። እሳቸው ግን ሁለቱን አገናኝተው «እንዶዱ ይሆን እንዴ የገደላቸው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ሞክረው አረጋገጡ። ነገሩ የዓመታት ሥራ ሆነ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እርግጥ ዶክተር አክሊሉ ያኔ ተማሪ አልነበሩም፤ የተማሩ ሰው ናቸው። ግን ወንዙ ዳር የሠራው ዓይናቸው ነው።

ንባብን በተመለከተ አጭር ነገር። ኢንተርኔት ላይ ጽሑፉ ክፈሉ ብሎ ሲዘጋብሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሂናሪ የሚባለው አገልግሎት እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤናና የባዮሎጂ ጆርናሎችን በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ ይከፍታል። ላይብረሪያችሁ የይለፍ ቃል ካለው ጠይቂ። የአፍሪካ ጆርናሎችን ደግሞ ኤጆል (AJOL) በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ታገኛለሽ። በሳምንት አንድ ጽሑፍ ይበቃሻል። መግቢያውን ሳይሆን «እንዴት ሠሩት» የሚለውን ክፍል አንብቢ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

ከቴሌግራም ስለሚገዛው ፕሮጀክት እንዳልቆጣ ራሴን ይዤ ነው የምጽፈው። ጓደኞችሽ ሰነፎች ናቸው አልልም። አንዳንዶቹ አማካሪያቸውን በዓመት ሁለቴ እንኳ አላገኙትም። ኤግዚት ኤግዛሙ ያስፈራቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ የለምና ጊዜያቸውን ሁሉ እዚያ ላይ ያደርጋሉ። ይገባኛል። ግን የገዛሽውን ጽሑፍ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ሰው «ለምን ይህን ዘዴ መረጥሽ?» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ? ከዚህ የባሰም አለ። መጠይቁን ሰው ሳይጠይቁ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ መሙላት። ዳታ ኩክ ማድረግ ይሉታል። ስለ ውኃ ወይም ስለ ክትባት የተሞላ የውሸት ፎርም መጨረሻው አንድ ቀበሌ ላይ ነው የሚያርፈው። ጤና ጣቢያ በዚያ ቁጥር ዕቅድ ያወጣል። እባክሽ፣ ሰው ቤቱ ካልተገኘ «አልተገኘም» ብለሽ ጻፊ። አለቃሽ ቢቆጣም ጻፊ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፤ ታላቅ እህትሽ ብሆን የምነግርሽን ነው። የምርምር ሥራ ቢሮ ውስጥ፣ ላብ ውስጥ፣ መስክ ላይ ከሰው ጋር የሚሠራ ነው። «ውጪ ተገናኝተን እናውራበት»፣ «ማታ ደውዪልኝ» የሚል ነገር ከመጣ ያ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። ባለጌ ናት ይሉኛል ብለሽ አትሸማቀቂ። የላከልሽን መልእክት አታጥፊው። ለምታምኛት ሴት መምህር ወይም ለጄንደር ቢሮ ንገሪ። ዕድል አመለጠኝም አትበይ። ሌላ በር አለ።

ስምሽ ጽሑፍ ላይ ይወጣል አይወጣም የሚለውን ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ። ብልቃጥ ላይ ስም ለጻፈ ምስጋና ይበቃዋል፤ እኔም ምስጋና ነው ያገኘሁት፣ ደስም ብሎኛል። ናሙናውን ሰብስበሽ፣ ተንትነሽ፣ ከጽሑፉ ላይም ድርሻ ከጻፍሽ ግን ነገሩ ይለያል። በመጨረሻ ከመቀያየም በመጀመሪያ መነጋገር ይሻላል። ደግሞ ውጤትሽን አትልቀቂው። በሳምንት አራት አምስት ሰዓት ለምርምር ይበቃል። 3.1 ወደ 2.7 ከወረደ ምርምሩ አያነሳልሽም።

አሁን ክረምቱ። ቤትሽ ሂጂ። ከልቤ ነው የምልሽ። ግቢ ውስጥ ባዶ ዶርም ይዘሽ የተቆለፈውን ላብ ከምትጠብቂ አባትሽን አግዢ። ምርምሩም እዚያ ይጠብቅሻል።

ወሎ ውስጥ ፓርቴኒየም የሚባለውን አረም ሳታውቂው አትቀሪም። ቅንጬ አረም ይሉታል። ቅጠሉ ካሮት የሚመስል፣ አበባው ነጭና ድቅቅ ያለ። አንዱ ተክል ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ዘር ይበትናል። ላም ከበላችው ወተቷ መራራ ይሆናል። የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ከመኪና ጎማ፣ ከእህል ከረጢት፣ ከጎርፍ ጋር ይጓዛል ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ መንገድ ዳር መብዛት፣ ወደ ማሳው መሀል እየገቡ ሲሄዱ ማነስ አለበት። በእናንተ ሰፈር እንዲህ ነው ወይ? አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ጥያቄ አገኘሽ ማለት ነው።

አራት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ፈልጊ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር። ጫፋቸውን በገመድ እሰሪ፤ ካሬ ይሆናል። ኳድራት የምትሉት ይኸው ነው። ረጅም ገመድ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጊ፤ ሜትርሽ እሱ ነው። መንገዱ ዳር አሥር ካሬ፣ ሃያ ሜትር ገባ ብለሽ አሥር፣ አርባ ሜትር ላይ አሥር። ካሬው የሚያርፍበትን ቦታ ግን በዓይንሽ አትምረጪ። ዓይን ወደ በዛበት ይሄዳል፤ የኔም ይሄዳል። ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ጠቅልለሽ ዕጣ አውጪ። 17 ከወጣ በመንገዱ አቅጣጫ አሥራ ሰባተኛው ቋጠሮ ላይ ካሬውን አሳርፊ፤ እዚያ ድንጋይ ብቻ ቢኖርም አሳርፊ። ውስጡ ያለውን ተክል አንድ በአንድ ቁጠሪ። ምንም ከሌለ ዜሮ ብለሽ ጻፊ፤ ዜሮውን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፣ ሥራቸውም በዚያ ይበላሻል። ማሳው የታረሰ ይሁን ያደረ፣ ከብት የገባበት ይሁን ያልገባበት ጻፊ። የሰው ማሳ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅጂ። ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ በባዶ እጅሽ አትንኪው፣ አበባ ላይ ከሆነ አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍኚ።

ሠላሳ ካሬ ነው። ለአባትሽ ከምታርሚው ሰዓት ላይ ሁለት ጠዋት ብትወስጂ ይበቃሻል። ቁጥሩ ያሰብሽውን ላያሳይ ይችላል። ምናልባት መሀል ላይ ይበዛ ይሆናል፤ ያኔ ለምን የሚል አዲስ ጥያቄ አለሽ። ትምህርት ሲጀመር ያንን ደብተር ይዘሽ እዚያው «ገና ነሽ» ያሉሽ መምህር ቢሮ ግቢ። የምትዪው አጭር ነው፦ «ክረምት ይህን ቆጥሬ መጣሁ። ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ከዚያ ሲኒየር ፕሮጀክትሽም ሊወጣ ይችላል።

አባትሽ ደግሞ መጀመሪያ ግራ ይገባቸው ይሆናል። ልጄ እንጨት አሥራ ማሳ ውስጥ ምን ትሠራለች ይላሉ። ከመቁጠርሽ በፊት፣ ማታ ቡና ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጪና «አባዬ፣ ይህ አረም ወደ እኛ ሰፈር መቼ ነው የመጣው? መጀመሪያ የት አየኸው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ዓመተ ምሕረት ላይነግሩሽ ይችላሉ። መንገዱ በተሠራ በዓመቱ፣ ወይም እህል የጫነው መኪና የተገለበጠ ጊዜ፣ ወይም ያቺ ላም የሞተችበት ክረምት ይሉሻል። አታርሚያቸው። በራሳቸው አነጋገር፣ እንዳሉት አድርገሽ፣ ከነቀኑ በእርሳስ ጻፊው።